የተድሞር ሰዎች እነማን ነበሩ? ስለ ፓልሚራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የፓልሚራን ስም አብዛኞቻችን የሰማነው በ2015 ቤተ መቅደሶቿ በፈንጂ ሲወድሙ ነው። በቴሌቪዥን ያየነው ዓምድና አቧራ ነበር። ስለ ዓምዶቹ ብዙ ተብሏል። እኔ ደግሞ ዓምዶቹን ስላቆሙት ሰዎች ማውራት እመርጣለሁ። ስማቸውን ሳነብና ቋንቋቸውን ሳይ የሩቅ አገር ሰዎች አይመስሉኝም። ለምን እንደሆነ ከታች ታዩታላችሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፓልሚራ የት ናት?

ሶሪያ ውስጥ ናት፤ ከደማስቆ በሰሜን ምሥራቅ 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በምዕራብ ሜዲትራንያን ባሕር፣ በምሥራቅ ኤፍራጥስ ወንዝ አለ። በመሀል ያለው በረሃ ነው። እዚያ በረሃ ላይ ኤፍቃ የሚባል ምንጭ ነበር። ውሃው ለብ ያለና ድኝ ድኝ የሚሸት ነው። ቢሸትም ውሃ ውሃ ነው፤ ቴምሩም ወይራውም ሮማኑም የበቀለው በእሱ ነው። ከከተማዋ በታች ደግሞ የጨው ሜዳ ተንጣሏል። አፋር በረሃን የሚያውቅ ሰው ጨውና ግመል አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚፈጠር አይጠፋውም።

ለሺህ ዓመታት የፈሰሰው ኤፍቃ በ1990ዎቹ ደረቀ።

ትክክለኛ ስሟ ተድሞር ነው ወይስ ፓልሚራ?

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ነዋሪዎቿ ግን ሁልጊዜ የሚጠሯት ተድሞር ብለው ነው፤ ዛሬም በዐረብኛ ተድሙር ናት። ይህ ስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ሺህ ዓመት በተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ላይ ይገኛል። ሮም ራሷ ገና ያልተመሠረተችበት ጊዜ ነው። ፓልሚራ የሚለውን ያመጡት ግሪኮችና ሮማውያን ናቸው። ብዙዎች ከዘንባባ ጋር ያያይዙታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሰሎሞን ሠራት ይላል፤ እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ዜና መዋዕልን ያነበበ ሰው ነው። በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 8 ላይ ሰሎሞን በምድረ በዳ ያለችውን ተድሞርን እንደሠራ ተጽፏል። ችግሩ ያለው አንደኛ ነገሥት ላይ ነው። በምዕራፍ 9 ስለዚያው ሥራ ሲተርክ፣ በዕብራይስጡ ላይ በፊደል የሰፈረው ስም «ታማር» ነው፤ ሲነበብ ነው ተድሞር የሚባለው። ታማር ደግሞ በይሁዳ ደቡብ ያለች ሌላ የበረሃ ቦታ ናት። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት ሁለቱ ስሞች ተምታተዋል ይላሉ። ለማንኛውም፣ ከተማዋ ከሰሎሞን ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነበረች።

ታሪኩ ግን አልሞተም። የጥንት ዐረቦች እነዚያን ግዙፍ ዓምዶች አይተው ይህንስ ሰው አልሠራውም፣ ሰሎሞን ጂኖችን አዝዞ አሠራቸው እንጂ ይሉ ነበር።

ሕዝቦቿ ሮማውያን ናቸው ወይስ ዐረቦች?

ፎቶውን ያየ ሰው ሮማውያን ቢላቸው አይፈረድበትም። ዓምዱ የሮም፣ ቲያትሩ የሮም። ግን አይደሉም። አሞራውያን፣ አራማውያንና ዐረቦች በተለያየ ዘመን መጥተው የተቀላቀሉባት ከተማ ናት። ከበረሃ ከብት እየነዳ የመጣውም፣ ከጥንት ጀምሮ በምንጩ ዳር የኖረውም እዚያ ተጋብቶ ተዋለደ። አይሁዶችም ነበሩባት።

ሰው የሚታወቀው በጎሣው ነበር። በኔ ኮማሬ የሚባሉት ስማቸው «የካህናት ልጆች» ማለት ነው። በኔ መታቦል፣ በኔ ማዚንም ነበሩ፤ ዋና ዋናዎቹ ጎሣዎች የየራሳቸው መቅደስ ነበራቸው። አማልክቱም እንደ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። ቤል ከባቢሎን በኩል፣ አላት ከዐረቦች፣ በዓል ሻሚን ከሶሪያ።

በመቃብር ድንጋይ ላይ የተቀረጹትን ምስሎች ብታዩ ይበልጥ ይገባችኋል። ሴቶቹ አምባርና የአንገት ጌጥ ደርድረዋል፤ ብዙዎቹ በእጃቸው እንዝርት ይዘዋል። ከወንዶቹ አንዳንዱ እንደ ሮማዊ ሸማ ተጣፍቷል፤ ሌላው እንደ ፋርስ ሰው ጥልፍ ያለበት ሱሪ ለብሷል። ካህናቱ ረጅም ቆብ አላቸው። ከጎናቸው ስማቸው፣ የአባታቸው ስምና የአያታቸው ስም ተጽፏል። እኛ ፎርም ስንሞላ እንደምናደርገው ማለት ነው።

ቋንቋቸው ከአማርኛ ጋር ይዛመዳል?

አዎ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ክፍል ይህ ነው።

የሚናገሩት አራማይክ ነበር፤ አማርኛና ግእዝም ያሉበት የሴም ቋንቋዎች ቤተሰብ ነው። የራሳቸው ፊደል ነበራቸው፤ 22 ሆሄያት፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ከግሪክኛ ጋር ጎን ለጎን ስለሚጽፉ ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ባርቴሌሚ በ1754 ፊደሉን ለመፍታት ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ከጠፉ የጥንት ጽሕፈቶች መጀመሪያ የተፈታው ይህ ነው። የግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት እንኳ ሌላ 70 ዓመት ገደማ ጠብቋል።

አሁን እዩት። መቃብርን «ቤት ዓልማ» ይሉታል፤ የዘላለም ቤት ማለት ነው። ቤት ያው ቤት ነው፤ ዓልማም የእኛው ዓለም ነው። ለሟች የሚቆመውን የመታሰቢያ ድንጋይ «ነፍሽ» ይሉታል፤ ነፍስ ማለት ነው። በዓል ሻሚን የተባለው አምላክ «የሰማይ ጌታ» ነው፤ በዓል በግእዝ ባለቤት ነው፣ ባለቤት ከሚለው ውስጥ ያለው «ባለ» ራሱ። ሰማዩን መተርጎም አያስፈልግም። የኤፍቃን ምንጭ የሚጠብቀው አምላክ ያርሂቦል ይባላል፤ «ያርህ» ወርኅ ነው፣ የእኛ ወር።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። የንግሥት ዘኖቢያ ልጅ ወሀብ አላት ይባል ነበር፤ «አላት የሰጠችው» ማለት ነው። ወሀበ በግእዝ ሰጠ ነው፤ ሀብት የሚለው ቃል የመጣውም ከዚሁ ሥር ነው። እንግዲህ ልጁ እኛ ሰፈር ቢወለድ ሀብተ ማርያም በሚባለው ዓይነት ሀብተ አላት ይባል ነበር። የአባቱ ስም ኡዳይናት ደግሞ «ትንሿ ጆሮ» ነው፤ በግእዝ ጆሮ እዝን ነው።

ይህ ሲባል ግን ቋንቋው አንድ ነው ማለት አይደለም። የአጎት ልጆች ናቸው። አንድ የተድሞር ነጋዴ አክሱም ገበያ ቢገባ ያለ አስተርጓሚ አይሸጥም ነበር። አንዳንድ ቃል ጆሮው ላይ ግን ያቃጭልበት ነበር።

በረሃ መሀል ሆነው እንዴት እንዲህ ሀብታም ሆኑ?

በሲራራ ንግድ። ከሮም ግዛት ወደ ሕንድ የሚወስደው አንዱ መንገድ በእነሱ በኩል ያልፍ ነበር። ግመሎች በረሃውን አቋርጠው ኤፍራጥስ ይደርሳሉ። ከዚያ ዕቃው ወንዙን ተከትሎ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ እዚያ ካራክስ የምትባል ወደብ ነበረች። ከካራክስ በመርከብ ሕንድ ነው። ሐር፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥጥ፣ ዕንቁ፣ ሽቱ በዚሁ መንገድ ይመጣ ነበር። በተድሞር መቃብሮች ውስጥ የቻይና ሐር ተገኝቷል።

ግን ምንጭና ግመል ብቻውን አያበለጽግም። ሌላውም ምንጭና ግመል ነበረው። የተድሞር ሰዎች ብልጫ ማደራጀት ነው። ነጋዴው፣ ግመል አከራዩ፣ ገንዘብ አበዳሪው፣ ቀስት ይዞ የሚያጅበው ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። አለቃም አለው፤ እኛ ነጋድራስ የምንለው ዓይነት። በየወደቡ የራሳቸው ሰዎች ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል። መንገዱ ሰላም እንዲሆን ከበረሃው ዘላኖች ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ዘላኖቹ ደግሞ ዘመዶቻቸው ናቸው። ስምምነቱ ሲፈርስ የሚዘምትም አለ። ሶአዶስ የሚባል ሰው በ144 ሲራራ ነጋዴዎችን ከሽፍቶች ስላዳነ በሐውልት ተከብሯል። የከተማዋ ትልቅ ሰው የሚባለው ጦር ያሸነፈ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውን ዕቃ በሰላም ያስገባ ነበር። ይህን እወድላቸዋለሁ።

ንቃታቸውን የምታሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ41 የሮሙ የጦር መሪ ማርክ አንቶኒ ፈረሰኞች ልኮ ሊዘርፋቸው ፈለገ። ወሬው ቀድሞ ደረሳቸው። ንብረታቸውን ጭነው ኤፍራጥስን ተሻገሩና በወንዙ ዳር ቀስተኞች ደረደሩ። ፈረሰኞቹ ያገኙት ባዶ ከተማ ነው፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ቀረጥ ይከፍሉ ነበር?

እንዴታ! የቀረጥ ደንባቸው ዛሬም በድንጋይ ላይ አለ። በ137 የተቀረጸ ነው፤ በአራማይክና በግሪክኛ። በ1881 ተገኝቶ ወደ ሩሲያ ተወሰደ፤ አሁን ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው በኤርሚታዥ ሙዚየም አለ።

የተጻፈበት ምክንያት በጣም የምናውቀው ነው። የድሮው ሕግ ብዙ ዕቃ ሳይዘረዝር አልፎ ነበር፤ ያልተዘረዘረው በልማድ ይከፈላል። ስለዚህ በነጋዴውና በቀረጥ ሰብሳቢው መካከል ጭቅጭቅ በዛ። የከተማው ምክር ቤት ተሰበሰበና ሁሉም ተጽፎ፣ ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ ይቁም አለ። ኬላ ላይ ቆሞ የተከራከረ ሰው ይህን ውሳኔ ያደንቃል።

ሽቱ ዘይት በአልባስጥሮስ ብልቃጥ ሆኖ ከገባ በግመል ጭነት 25 ዲናር ነው። ያው ዘይት በስልቻ ከሆነ 13 ይበቃል። ከውጭ የገባ ባሪያ 22 ዲናር ይከፈልበታል፤ ሰውም ከዘይቱ ጋር በአንድ ዝርዝር ነበር። ያልተጫነ ግመል ሳይቀር 1 ዲናር አለበት። በገላቸው የሚተዳደሩ ሴቶችም በሚያስከፍሉት ልክ ይከፍላሉ። በከተማዋ ባሉት ሁለት ምንጮች ለመጠቀም በዓመት 800 ዲናር ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ ትልቁ ቁጥር ለውሃ መሆኑን አስተውሉ።

ዘኖቢያ ማን ናት? የእውነት ሮምን ተዋግታለች?

ተዋግታለች። የራሷ ስም ባት ዘባይ ነው፤ የዘባይ ልጅ ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በባሏ ነው። በ260 የፋርሱ ንጉሥ ሻፑር የሮምን ንጉሠ ነገሥት ቫሌሪያንን በጦርነት ማረከው። ንጉሠ ነገሥት ተማርኮ አያውቅም ነበር፤ ሮም ግራ ገባት። በምሥራቅ በኩል ፋርስን የመለሰው የተድሞሩ ኡዳይናት ነው፤ የፋርሶች ዋና ከተማ ክቴሲፎን ድረስ ዘለቀ። ሮም ሹመት አዥጎደጎደችለት። እሱም እንደ ፋርስ ነገሥታት «የነገሥታት ንጉሥ» ተባለ። በ267 ግን እሱና ትልቁ ልጁ ተገደሉ።

ወሀብ አላት ገና ልጅ ነበር። ዘኖቢያ በስሙ ሥልጣኑን ያዘች። መጀመሪያ ከሮም ጋር አልተጣላችም። በ270 ግን የጦር አዛዧ ዘብዳ ግብፅ ገባ። የሮም ሕዝብ ዳቦ ከግብፅ እህል ነው። ይህ ሮም ዝም ብላ የምታልፈው ነገር አልነበረም። በዚያ ላይ ሠራዊቷ በሰሜን እስከ ዛሬዋ አንካራ ደረሰ። በኋላ እሷም ልጇም የሮም ነገሥታትን ማዕረግ በሳንቲም ላይ አስቀረጹ። ከዚያ በኋላ ሽምግልና የለም።

በ272 ንጉሠ ነገሥት አውሬሊያን መጣ። መጀመሪያ አንጾኪያ አጠገብ፣ ቀጥሎ ኤሜሳ ማለትም በዛሬዋ ሆምስ አሸነፋት። ተድሞርን ከበበ። ዘኖቢያ በግመል ወደ ፋርስ ሸሸች፤ ኤፍራጥስ ዳር ደርሳ ልትሻገር ስትል ተያዘች። አማካሪዋ ፈላስፋው ሎንጊኑስ ተገደለ። በሚቀጥለው ዓመት ከተማዋ እንደገና ስታምፅ አውሬሊያን ተመልሶ አስበዘበዛት።

መጨረሻዋስ? አንዱ ጸሐፊ ወደ ሮም ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞተች ይላል። ሌሎች በ274 በአውሬሊያን የድል ሰልፍ ላይ በወርቅ ሰንሰለት ታስራ ሄደች፣ ኋላም ሮም አቅራቢያ በሰላም ኖረች ይላሉ። ስለ እሷ የምናነበውን የጻፉት የአሸናፊዎቿ ወገን ሰዎች መሆናቸውን አትርሱ። ሲያደንቋት እንኳ አውሬሊያንን ለማግነን ነው።

ከአክሱም ጋር ግንኙነት ነበራቸው?

ነጋዴዎቻቸው በግብፅ በኩል ቀይ ባሕር ላይም ይሠሩ ነበር፤ የራሳቸው መርከብ የነበራቸውም አሉ። አክሱምም በዚያው ባሕር ላይ ነበረች። የሚጨበጥ ማስረጃ ከተባለ ግን ከአፍሪካ ቀንድ ማዶ ባለችው ሶቆጥራ ደሴት ላይ ያለው የሆቅ ዋሻ ነው። አብጋር የሚባል የተድሞር ሰው በ258 ጸሎቱን በእንጨት ጽላት ላይ ጽፎ እዚያ ትቷል። በዚሁ ዋሻ ግድግዳ ላይ ሕንዶችና የደቡብ ዐረቢያ ሰዎች ጽፈዋል፤ በኢትዮጵያ ፊደል የተጻፈም አለ። ተገናኝተው ሻይ ጠጡ አልልም። ግን አንድ ዋሻ ገብተው ስማቸውን ጽፈዋል።

በአውሬሊያን ሰልፍ ላይ አክሱማውያንም ነበሩ የሚል የላቲን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ሲጠቀስ ታያላችሁ። ጽሑፉ ፈጠራ በማብዛት የታወቀ ስለሆነ እኔ ብዙ አልደገፍበትም።

ከዘኖቢያ በኋላ ጠፋች?

አልጠፋችም፤ አነሰች። ሮማውያን ጦር ሰፈር አደረጓት። ክርስትና ገባ፤ በ325 በኒቅያ ጉባኤ የተድሞር ጳጳስ ማሪኖስ ተገኝቷል። በ634 የሙስሊሞቹ የጦር አዛዥ ኻሊድ ኢብን አል ወሊድ ያዛት። በ32 ዓ.ም. የተመረቀው የቤል ቤተ መቅደስ በየተራ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሆኗል። ሰዉ በመጨረሻ በመቅደሱ ግቢ ውስጥ የጭቃ ቤት ሠርቶ መኖር ጀመረ፤ ፈረንሳዮች በ1930 አካባቢ ለቁፋሮ ብለው እስኪያስነሷቸው ድረስ። አዲሷ የተድሙር ከተማ ያኔ የተሠራች ናት። ፍርስራሹ ሰው አልባ ይመስላችኋል እንጂ፣ ሰው የወጣበት አንድ መቶ ዓመት ገና አልሞላውም።

በ2015 ምን ሆነ?

እስላማዊ መንግሥት ነኝ የሚለው ቡድን በግንቦት ወር ከተማዋን ያዘ። በነሐሴ የበዓል ሻሚንና የቤል መቅደሶችን አፈነዳ። ግንብ የሚመስሉትን መቃብሮችና የድል ቅስቱንም አፈረሰ። በጥንቱ ቲያትር መድረክ ላይ እስረኞችን ረሸነ። የከተማዋን ቅርስ ለ40 ዓመት ገደማ የመሩት አዛውንቱ ኻሊድ አል አስዓድ በነሐሴ 18 አንገታቸው ተቀላ። ከልጆቻቸው አንዷን ዘኖቢያ ብለው ያወጡላት ሰው ናቸው።

በሙዚየሙ ደጃፍ አንድ ትልቅ የድንጋይ አንበሳ ነበር፤ ከአላት መቅደስ የተገኘ፣ በእግሮቹ መካከል ሚዳቋ የመሰለች እንስሳ አቅፎ የሚጠብቅ። እጁ ላይ በመቅደሱ ውስጥ ደም ያላፈሰሰውን ሰው አላት ትባርከዋለች የሚል ተጽፎበታል። መባረኩም ደሙም በእኛው ቃል ነው፤ «ትብርክ» ይላል፣ «ደም» ይላል። እሱንም ሰባበሩት። በኋላ ተጠግኖ ከ2017 ጀምሮ ደማስቆ ቆሟል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለብዙ ሶሪያውያን ተድሙር ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላቸው መቅደሱ ሳይሆን እስር ቤቱ ነው። በ1980 በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች እዚያ ተገድለዋል። ዓለም ለድንጋዩ ሲያለቅስ «ለእኛስ?» ያሉት በምክንያት ነው።

የተድሞርን ሰዎች ዛሬ የት ማየት ይቻላል?

ከመቃብር የወጡት ምስሎች በዓለም ሙዚየሞች ተበትነዋል። ከሶሪያ ውጭ ትልቁ ስብስብ ኮፐንሃገን ነው። አውሮፓ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ስጡት።

እኔን የምትገርመኝ ግን ሰሜን እንግሊዝ፣ ሳውዝ ሺልድስ ያለችው አንዷ ድንጋይ ናት። በራቴ የሚባል የተድሞር ሰው እስከዚያ ድረስ ሄዶ ነበር። ረጊና የምትባል የብሪታንያ ተወላጅ ባሪያው ነበረች፤ ነጻ አወጣትና አገባት። በ30 ዓመቷ ሞተችበት። ድንጋዩ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣ እንዝርት ይዛለች፤ የባሏ አገር ሴቶች እንደሚያዙት። ላቲኑ እንደ ደንቡ ዕድሜዋንና ዘሯን ይናገራል። ከሥሩ በዚያ አካባቢ ማንም በማያነበው በተድሞር ፊደል አንድ መስመር ጨምሯል። «ባት ሐሪ» ይላታል፤ የአርነት ልጅ ማለት ነው። አርነት የሚለው የእኛ ቃልም ከዚሁ ሥር ነው። ሲነበብ እንዲህ ነው፦ ረጊና፣ የበራቴ የአርነት ልጅ፣ ወዮ!